የቲቢ መድኃኒት በመቀስ አይቆረጥ፦ ስለ ሪፋምፒሲን አቅርቦት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ትንበያ፣ ግዥ፣ ክምችትና ሥርጭት ለሚመለከታችሁ የሥራ ኃላፊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ በሳምንት በሳምንት የሚደረገው እደላ እንዲቆም እና የዋናው የቲቢ መድኃኒት የሪፋምፒሲን አቅርቦት እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ምክንያት የሆነን በያዝነው ዓመት ለምንሠራባቸው አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች በስልክና በስብሰባ ላይ በቃል የተላለፈ ትእዛዝ ነው። «ክምችቱ እስኪሻሻል ድረስ የቲቢ መድኃኒት ለታካሚ በሳምንት በሳምንት ይታደል» የሚል ነው። በጽሑፍ አልመጣም፤ እስከ መቼ እንደሚቆይም አልተነገረንም። ላዩን ሲያዩት ቁጠባ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ታካሚ በስድስት ወር የሚውጠው መድኃኒት በሳምንት ቢሰጠውም በወር ቢሰጠውም ያው ነው፤ አንድም ፍሬ አይተርፍም። የሚለወጠው አሰጣጡ ነው፤ ጉዳቱም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ስሌቱን እናስቀምጥ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የሚሰጠው አራት በአንድ የሆነው ኪኒን በውስጡ ሪፋምፒሲን 150፣ አይሶናያዚድ 75፣ ፓይራዚናማይድ 400 እና ኤታምቡቶል 275 ሚሊግራም ይዟል። የሚደርሰን 28 ፍሬ በያዘ ብሊስተር (ኪኒኖቹ በየጉድጓዳቸው በፎይል የታሸጉበት ቅጠል) ሲሆን፣ 24 ብሊስተር አንድ ሣጥን ይሞላል፤ 672 ፍሬ ማለት ነው። ክብደቱ ከ40 እስከ 54 ኪሎ የሆነ ታካሚ በቀን 3 ፍሬ ይወስዳል። ለ28 ቀን 84 ፍሬ ያስፈልገዋል፤ ይህም ያልተነካ ሦስት ብሊስተር ነው። ለሁለቱ ወር 168 ፍሬ፣ ስድስት ብሊስተር። አንድ ሣጥን እንዲህ ያሉ አራት ሰዎችን ያደርሳል። ማሸጊያው የተሠራው ለዚህ አቆጣጠር ነው።

በሳምንት ሲታደል ለዚሁ ታካሚ የሚያስፈልገው 21 ፍሬ ነው። ከ28ቱ 7 ፍሬ በመቀስ ተቆርጦ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ሁለተኛው ታካሚ ሲመጣ ሌላ 7፣ ሦስተኛው ሲመጣ ሌላ 7 ይተርፋል። አራተኛው ታካሚ የሦስት ሰው ቁራጭ ተሰብስቦለት 21 ፍሬ ይዞ ይወጣል። የባች ቁጥሩ (የተመረተበት ዙር መለያ) እና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚታተመው በብሊስተሩ አንድ ጠርዝ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ይህ ሰው ከያዛቸው ሦስት ቁራጮች ሁለቱ ምንም ላይታይባቸው ይችላል። ነገ አንድ ባች በጥራት ጉድለት ከገበያ ይሰብሰብ ቢባል የማን እጅ ላይ እንዳለ ለማወቅ መንገድ የለንም። በሳምንታዊ እደላ ሳይቆረጥ የሚሰጠው ታካሚ በቀን 4 ፍሬ የሚወስደው ብቻ ነው።

መቀሱ የሚያጠፋው ቁጥሩን ብቻ አይደለም። ወደ ኪኒኑ ጉድጓድ ተጠግቶ ሲያልፍ ፎይሉ ይላቀቃል፤ በዚያ በኩል እርጥበት ይገባል። ኤታምቡቶል ከአየር ላይ ውኃ የሚስብ ጨው ነው። ኪኒኑ እርጥበት ሲቀበል ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ እርስ በርሳቸው መፈራረስ ይጀምራሉ፤ ኤታምቡቶሉ ደግሞ ያፋጥነዋል። ከሁለቱ ይበልጥ የሚጎዳው ሪፋምፒሲን ነው። ምልክቱ ኪኒኑ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ መውጣቱ፣ ሽፋኑ መላጡ ወይም ፎይሉ ላይ መጣበቁ ነው። ይህ የሚታየው ግን ነገሩ ከገፋ በኋላ ነው፤ ሪፋምፒሲኑ የቀነሰበት ኪኒን ለዓይን ደህና ሊመስል ይችላል። በጋምቤላ፣ በአፋር፣ በመተማና በሁመራ ሙቀት፣ ቁራጭ ብሊስተር በወረቀት ተጠቅልሎ ኪስ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

ሳምንታዊው እደላ የሚጥለው ሸክም ሌላም ነው። ሰሊጥ አጨዳ ላይ የተሰማራ የቀን ሠራተኛ፣ ከጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ የሚኖር ገበሬ፣ ጠበል ገብቶ ሱባኤ የያዘ ታካሚ በየሳምንቱ አይመለስም። የ28 ቀን መድኃኒት አስይዘን ከሕክምና ደጋፊው ጋር ካስማማነው ግን መድኃኒቱን ይውጣል። ጾመኛ ታካሚም ቢሆን መድኃኒቱ በባዶ ሆድ፣ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ መወሰድ እንዳለበት አንዴ በደንብ ከተነገረው ጠዋት ወስዶ ይቀጥላል። በየሳምንቱ ሰልፍ ሲያሳልፍ ግን የምክሩ ጊዜ የሚያልቀው በመቁጠርና በመቁረጥ ነው።

ይህ ሁሉ ለአንድ አሮጌ መድኃኒት ነው ወይ የሚል ካለ፣ አዎ፣ ለአንድ አሮጌ መድኃኒት ነው። የሪፋምፒሲን ዘር የተገኘው በ1957 እ.ኤ.አ. ከደቡብ ፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ በተወሰደ አፈር ላይ ሚላን ከተማ በሚገኘው የሌፔቲት መድኃኒት ኩባንያ ቤተ ሙከራ በተደረገ ምርምር ነው። ሪፋምፒሲን ራሱ በ1968 በጣሊያን ገበያ ላይ ዋለ። ከእርሱ በፊት የቲቢ ሕክምና ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጅ ነበር፤ ከፓይራዚናማይድ ጋር ተዳምሮ ወደ ስድስት ወር ያወረደው እርሱ ነው። የፈጠራ መብቱ ካለቀ ቆይቷል። በዓለም አቀፍ ግዥ የአንድ አዋቂ የስድስት ወር ሙሉ ሕክምና ከ50 ዶላር አይበልጥም። ገበያው የበሰለ፣ ዋጋው የወረደ፣ አዲስ ነገር የማይጠበቅበት ተብሎ ተመድቧል። የእኛም ቅሬታ ሥሩ ይህ ነው፤ መድኃኒቱ ርካሽና የታወቀ ስለሆነ ጉዳዩ እንደተዘጋ ፋይል ታይቷል። አዲሶቹና ውዶቹ መድኃኒቶች በቁጥር እየተጠበቁ ሲላኩ፣ የሕክምናው ምሰሶ የሆነው ሪፋምፒሲን በግምት ይላካል።

ምሰሶ ስንል ምክንያት አለን። የጂን ኤክስፐርት ማሽን አክታ ሲቀበል ከባክቴሪያው ቀጥሎ የሚፈትሸው ሪፋምፒሲንን መላመዱን ነው። ሪፋምፒሲን የማይሠራለት ታካሚ ከተለመደው ሕክምና ወጥቶ ወደ ሌላ መርሐ ግብር፣ ወደ ሌላ መድኃኒት፣ ወደ ሌላ የጎንዮሽ ጉዳት ይሄዳል። ኢትዮጵያ በ2021 እ.ኤ.አ. መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከፍተኛ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች ዝርዝር ወጥታለች፤ በጠቅላላው የቲቢ ጫናና በቲቢና ኤች አይ ቪ ጥምር ጫና ዝርዝሮች ውስጥ ግን ቀርታለች። ያንን ውጤት ያስገኘው አራቱም መድኃኒት ሳይነጣጠል፣ ሳይቋረጥ መሰጠቱ ነው።

አሁን የምናየው ደግሞ መነጣጠልን ነው። አራት በአንድ የሆነው ኪኒን ሲያልቅና ለቀጣዩ አራት ወር የሚሰጠው ባለሁለቱ፣ ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ ብቻ የያዘው፣ መጋዘን ውስጥ ሲኖር «ለጊዜው ይህን ስጡት» የሚባልበት ጊዜ አለ። ይህ ከባዶ መደርደሪያ ይብሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ታካሚው ሳንባ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ብዛት ከፍተኛ ነው። ባክቴሪያው ቀድሞ አይሶናያዚድን የተላመደ ከሆነ ያ ሰው የሚታከመው በሪፋምፒሲን ብቻ ነው፤ ለብቻው የተሰጠን ሪፋምፒሲን ደግሞ ባክቴሪያው በሳምንታት ውስጥ ሊላመደው ይችላል። የጂን ኤክስፐርቱ መደበኛ የመመርመሪያ ካርትሬጅ አይሶናያዚድን አይፈትሽም፤ ስለዚህ የትኛው ታካሚ እንደሆነ አስቀድመን አናውቅም። ትክክለኛው መንገድ ከአጎራባች ጤና ጣቢያ መበደር ነው። ብድሩ ግን የወረዳ ደብዳቤ፣ ፊርማና መኪና እየጠበቀ ቀናት ይበላል።

የእጥረቱ መነሻ ብዙ ጊዜ የሪፖርቱ ስሌት ራሱ ነው። ጤና ጣቢያ በየሁለት ወሩ ሪፖርትና ጥያቄ ይልካል፤ ከፍተኛው ክምችት የአራት ወር፣ ዝቅተኛው የሁለት ወር፣ አስቸኳይ ጥያቄ የሚላክበት ደግሞ የሁለት ሳምንት ነው። የሚጠየቀው መጠን የሁለቱ ወር ፍጆታ በሁለት ተባዝቶ በእጅ ያለው ሲቀነስ ነው። እንበልና አንድ ጤና ጣቢያ ከ60 ቀን ውስጥ 20ውን መድኃኒት አልነበረውም፤ በ40ው ቀን 800 ፍሬ አደለ። ቅጹ ላይ ፍጆታው 800 ተብሎ ይመዘገባል፤ በእጁ ምንም ከሌለ 1,600 ይላክለታል። እውነተኛው ፍላጎት ግን 800 ሲካፈል ለ40፣ ሲባዛ በ60፣ 1,200 ነው፤ መላክ የነበረበት 2,400 ነበር። 800 ፍሬ ጎደለ። ያ ማለት በቀን 3 ፍሬ ለሚወስዱ አምስት ታካሚዎች ሙሉ ሁለት ወር ሊበቃ ትንሽ የቀረው መጠን ነው። በሚቀጥለው ዙር መድኃኒቱ ቀድሞ ያልቃል፤ ፍጆታውም እንደገና ዝቅ ብሎ ይመዘገባል። መድኃኒት ያልነበረባቸውን ቀናት የሚጠይቅ ዓምድ ቅጹ ላይ ቢኖርም ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ ያልፋል፤ የተሞላውንም ስሌት ውስጥ የሚያስገባ ሰው አላየንም።

ቲቢ ደግሞ እንደ ሌላው በሽታ በፍጆታ ብቻ የሚገመት አይደለም። ታካሚው ሬጅስተር ላይ በገባበት ቀን የስድስት ወሩ ፍላጎቱ ይታወቃል። የ45 ኪሎ ታካሚ 168 ፍሬ ባለአራቱ፣ ከዚያ በቀን 3 ሆኖ ለ112 ቀን 336 ፍሬ ባለሁለቱ ያስፈልገዋል። ይህን እያወቅን ባለፈው ሁለት ወር ፍጆታ መገመት ለምን አስፈለገ?

የልጆቹን ጉዳይ ለብቻው እናነሣዋለን። ውኃ ውስጥ የሚሟሟው የልጆች ኪኒን ሪፋምፒሲን 75፣ አይሶናያዚድ 50 እና ፓይራዚናማይድ 150 ሚሊግራም ነው። ከ4 እስከ 7 ኪሎ የሆነ ልጅ አንድ፣ ከ8 እስከ 11 ኪሎ ሁለት፣ ከ12 እስከ 15 ሦስት፣ ከ16 እስከ 24 አራት ይወስዳል። በንጹሕ ውኃ ተሟሙቶ ወዲያው ይጠጣል። ይህ ሲጠፋ የአዋቂውን ኪኒን ለሁለት ከፍሎ መስጠት የተለመደ መፍትሔ ሆኗል። ሪፋምፒሲኑ በእርግጥ 75 ይሆናል፤ አይሶናያዚዱ ግን 37 ነጥብ 5 ነው፤ ከሚገባው ሩቡ ጎደለ። ፓይራዚናማይዱ ደግሞ 200 ይሆናል፤ ከሚገባው ሲሦ በለጠ። ልጅ አይሶናያዚድን ከአዋቂ ቶሎ ስለሚያስወግድ በኪሎ ተጨማሪ የተመደበለት ሆን ተብሎ ነው። በዚህ ላይ ኪኒኑ በቢላዋ ሲከፈል ሁለቱ ግማሾች እኩል አይወጡም፣ ሽፋኑም ይፈርሳል። ስለዚህ «የልጆቹ ቢያልቅ የአዋቂው አለ» የሚለው አባባል ለእኛ መልስ ሆኖ አይቆጠርም።

ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ታካሚዎችም በዚሁ ቸልታ ይጎዳሉ። ሪፋምፒሲን ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ዶሉቴግራቪር የያዘውን የቀን አንድ ኪኒን የሚወስድ ሰው የቲቢ ሕክምና ሲጀምር ያንን ኪኒን ከወሰደ 12 ሰዓት ቆይቶ በየቀኑ ተጨማሪ 50 ሚሊግራም ዶሉቴግራቪር ያስፈልገዋል፤ ሪፋምፒሲን ካቆመ በኋላም ለሁለት ሳምንት ይቀጥላል። ተጨማሪው ኪኒን የሚታዘዘው በሌላ ክፍል፣ የሚጠየቀው በሌላ ቅጽ ነው። ሁለቱ ቅጾች አይነጋገሩም፤ ስለዚህ የቲቢ መድኃኒቱ ኖሮ ተጨማሪው 50 የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። በክንድ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ የምትጠቀም ሴትም ሪፋምፒሲን እንደሚያዳክመው ካልተነገራት ሳታስበው ልታረግዝ ትችላለች፤ በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌ ግን አይዳከምም። ይህን የሚያስታውስ አንድ መስመር በታካሚው ካርድ ላይ ቢታተም ወጪው ምንም ነው።

በግል መድኃኒት ቤቶች ለብቻው የሚገኘው ሪፋምፒሲንም አሳሳቢ ነው። ከእንስሳት ወደ ሰው ለሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ ከዶክሲሳይክሊን ጋር ለስድስት ሳምንት መታዘዙ ተቀባይነት ያለው ሕክምና ነው። ችግሩ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ የሁለቱም በሽታ ምልክት መሆናቸው ነው። በአርብቶ አደር አካባቢ አክታ ሳይመረመር ይህን ሕክምና የጀመረ ሰው በእርግጥ የያዘው ቲቢ ከሆነ፣ ስድስት ሳምንት ሪፋምፒሲንን ለብቻው ወሰደ ማለት ነው።

ስለ ግዥው የምንለው አለን። የጨረታ ዋጋ ላይ ብቻ ማተኮር ለሪፋምፒሲን አደገኛ ነው። ይህ መድኃኒት በኪኒኑ ውስጥ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ እንደ ክሪስታሉ ዓይነት፣ እንደ ዱቄቱ ልቀትና እንደ አመራረቱ ከሆድ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይለያያል። ስለዚህ የመሟሟት ፍተሻና በሰው ላይ የተደረገ የመመጠጥ ማስረጃ ሳይታይ መገዛት የለበትም። ታካሚ መድኃኒቱን በወሰደ በሰዓታት ውስጥ ሽንቱ ብርቱካናማ መሆኑ ለእኛ ግልጽ ፍንጭ ነው፤ በፊታችን የዋጡ ታካሚዎች በተከታታይ ቀለሙ ካልታየባቸው ግን ጥቆማችንን የሚቀበልና ናሙና የሚወስድ አካል ሊኖር ይገባል።

ገበያው በስሏል ማለት አስተማማኝ ነው ማለትም አይደለም። ጥሬ ዕቃውን የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ቻይናና ህንድ ውስጥ ናቸው። በ2020 እ.ኤ.አ. በሪፋምፒሲን ውስጥ ናይትሮሳሚን የሚባል ባዕድ ነገር ሲገኝ፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የተፈቀደውን 0.16 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 0.16) ለጊዜው እስከ 5 ፒፒኤም ከፍ ለማድረግ ተገድዷል፤ ምክንያቱም መድኃኒቱን ማቋረጥ ከባዕዱ ነገር የበለጠ ጉዳት ነበረው። በ2024 እ.ኤ.አ. ዋነኛ አምራች የሆነችው ህንድ ራሷ እጥረት ገጥሟት ክልሎቿ በየአካባቢያቸው እንዲገዙ አዝዛለች። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ በድንገት ቆመ። አንድ አቅራቢ፣ አንድ ጭነት፣ አንድ የገንዘብ ምንጭ ላይ የተንጠለጠለ አገር እንዲህ ባለ ጊዜ መጠባበቂያ የለውም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ሳምንታዊ እደላው በጽሑፍ ይሻር፤ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቅርብ ክትትል በኋላ ለ28 ቀን፣ በሙሉ ብሊስተር ይሰጥ። ሐኪም በየቀኑ በዓይን መከታተል አለበት የሚለው ታካሚ ቢኖርም መድኃኒቱ ያልተቆረጠ ሆኖ በስሙ ጤና ጣቢያው ውስጥ ይቀመጥለት።

ማንኛውም ታካሚ ሬጅስተር ላይ ሲመዘገብ የስድስት ወሩ መድኃኒት በስሙ ተለይቶ ይያዝለት። ሙሉ መጠኑ ለሌለለት ጤና ጣቢያ አስቸኳይ ጥያቄው በሰባት ቀን ውስጥ ይመለስ፤ ወረዳም በአንድ ቀን ውስጥ በስልክ ብድር የመፍቀድ ሥልጣን ይኑረው፣ ወረቀቱ ይከተል።

መድኃኒት ያልነበረባቸው ቀናት በፍጆታ ስሌት ውስጥ ይግቡ። ይህ አዲስ ሥርዓት አይጠይቅም፤ አንድ ማካፈልና አንድ ማባዛት ነው።

ባለአራቱ ሲያልቅ ባለሁለቱን ተክቶ መስጠት፣ እንዲሁም የአዋቂ ኪኒን ለልጅ መክፈል፣ በግልጽ ሰርኩላር ይከልከል። የልጆቹ ኪኒን በልጆች ቁጥርና ክብደት ለብቻው ይገመት። ተጨማሪው ዶሉቴግራቪር 50 ሚሊግራም ከቲቢ መድኃኒቱ ጋር በአንድ ቅጽ ይጠየቅ፣ በአንድ ጭነት ይላክ።

በግዥ በኩል ቢያንስ ሁለት አቅራቢ ይያዝ፤ ጭነቱ ተከፋፍሎ ይግባ፤ ሲደርስም ቀሪ የአገልግሎት ዘመኑ ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛ በታች የሆነ አይቀበሉ። በቆላማ አካባቢ ላሉ መደብሮች ቴርሞሜትርና የሙቀት መዝገብ ይቅረብ፤ ከ30 ዲግሪ በላይ የሚቆይበት መደብር የቲቢ መድኃኒት ከሁለት ወር በላይ እንዳይከማችበት ሥርጭቱ ይስተካከል።

ለነዚህ ጥያቄዎች የጽሑፍ ምላሽ በ30 ቀን ውስጥ እንጠብቃለን። ምላሹ «በጀት የለም» ከሆነም ለየትኛው ጥያቄ፣ ስንት እንደጎደለ በቁጥር ይገለጽልን። እስከዚያው ብሊስተር በቆረጥን ቁጥር የባች ቁጥሩን፣ የማብቂያ ቀኑንና የቆረጥንበትን ቀን በታካሚው ካርድ ላይ በእጃችን እየጻፍን እንቀጥላለን፤ የተጠራቀመውንም በየወሩ ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች እናስገባለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በጤና ጣቢያዎችና በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች የቲቢ ክፍል የምንሠራ ነርሶች፣ የፋርማሲና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለክልልና ለዞን የጤና አመራሮች
ለወረዳ የቲቢ አስተባባሪዎች
ለታካሚዎችና ለሕክምና ደጋፊዎች